ታሪክ ጸሐፊው ሁሴን አህመድ፦ የወሎን ዑለማ ወደ ታሪክ መጽሐፍ ያመጡ ምሁር

ዶ/ር ሁሴን አህመድ (ረሒመሁላህ) በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል ያስተማሩ፣ የኢትዮጵያ ሙስሊሞችን ታሪክ በማጥናት በአገር ውስጥም በውጭም ስማቸው የሚነሳ ምሁር ናቸው። ዋናው ሥራቸው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ላይ ያተኮረ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ ወደ አኼራ ሄደዋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም» ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ የቆየ ጥያቄ ነው። በዋግ ኽምራ፣ በደሃና ወረዳ አምደወርቅ ታሪክ አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ ከክፍሉ ጥቂት ሙስሊም ተማሪዎች አንዱ ትምህርት ካለቀ በኋላ ቀርቦ «ቲቸር፣ እኛ እዚህ አገር የመጣነው መቼ ነው?» አለኝ። ልጁ እዚያው የተወለደ ነው፤ አባቱም፣ አያቱም። ግን ባስተማርኩት ትምህርት ውስጥ ሙስሊም የሚነሳው በሦስት ቦታ ብቻ ነበር፦ በነጃሺ ዘመን በስደተኛነት፣ በኢማም አህመድ ዘመን በወራሪነት፣ በቦሩ ሜዳ ደግሞ በተገዳጅነት። በመካከል ያለው ረጅም ዘመን ባዶ ነው። የልጁ ጥያቄ ከዚያ ባዶ ቦታ የወጣ ነበር። የዶ/ር ሁሴን የሕይወት ሥራም ይህንኑ ባዶ ቦታ በማስረጃ መሙላት ነበር።

ትምህርትና ዋና ሥራ

ሁሴን አህመድ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙት በ1985 ከእንግሊዙ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ነው። የመመረቂያ ጥናታቸው ርዕስ ዑለማን፣ ነጋዴዎችንና ባላባቶችን በአንድ ላይ የሚጠራ ሲሆን፣ የወሎን የእስልምና ታሪክ በተለይም 19ኛውን ክፍለ ዘመን ይመረምራል። ይህ ጥናት ታርሞና ዳብሮ በ2001 በኔዘርላንድ ላይደን ከተማ በሚገኘው ብሪል ማተሚያ ቤት «እስልምና በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ወሎ፣ ኢትዮጵያ» በሚል ርዕስ በእንግሊዝኛ ታተመ። ንዑስ ርዕሱ መነቃቃትን፣ ተሐድሶንና አጸፋን የሚጠቅስ ነው።

ከጥናቱ እስከ መጽሐፉ 16 ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል። በመካከሉ ዶ/ር ሁሴን ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ1989 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ ሸይኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ሕይወት ጻፉ። በ1992 በእስልምና ጥናት መጽሔት ላይ የኢትዮጵያ እስልምና ታሪክ እስከዚያ ድረስ እንዴት ይጻፍ እንደነበር የሚገመግም ሰፊ ጽሑፍ አወጡ። ለኢንሳይክሎፔዲያ ኢትዮፒካም በርካታ ጽሑፎችን አበርክተዋል።

ከእሳቸው በፊት ታሪኩ እንዴት ይጻፍ ነበር?

የዶ/ር ሁሴንን ሥራ ክብደት ለመረዳት ከእሳቸው በፊት የነበረውን ማየት ያስፈልጋል። ስለ ኢትዮጵያ እስልምና ለብዙ ዓመታት ዋና መጽሐፍ ሆኖ የቆየው እንግሊዛዊው ስፔንሰር ትሪሚንግሃም በ1952 ያሳተመው ነው። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊም በርካታ የዐረብኛ ጽሑፎችን አጥንቷል። እነዚህ ሰዎች የሰበሰቡት መረጃ ዛሬም ይጠቅማል። ችግሩ ያለው ከመነሻው ላይ ነው። በብዙዎቹ የቀደሙ ጽሑፎች ውስጥ የኢትዮጵያ ታሪክ ማለት የክርስቲያኑ መንግሥት ታሪክ ነው፤ እስልምና ደግሞ ከውጭ የመጣ፣ በዳር የቆመ፣ መንግሥቱን የሚፈታተን ኃይል ተደርጎ ይታያል። ስለ ሙስሊሙ ሃይማኖታዊ ሕይወት ሲጻፍም «ላይ ላዩን ብቻ የያዘ» የሚል ፍርድ ይደመጣል።

ዶ/ር ሁሴን ይህን አመለካከት የተቹት በስሜት አይደለም። ያቀረቡት ጥያቄ የባለሙያ ጥያቄ ነው፦ ስለ ሙስሊሙ የተጻፈው በማን ምንጭ ነው? የነገሥታት ዜና መዋዕል ስለ ሙስሊሙ የሚናገረው ዘመቻ ሲኖር ነው። የአውሮፓ ተጓዦችም ያዩትን የጻፉት በመንገዳቸው ላይ ያገጠማቸውን ያህል ብቻ ነው። ለምሳሌ ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፍ በ1842 በወሎ ሲያልፍ ታግቶና ተዘርፎ ነበር። በዚህ ሁኔታ የወጣ ሰው ስለ ባላባቶቹ ጭካኔ ቢጽፍ አያስደንቅም፤ በዚያው አገር በአንድ ሐሪማ ውስጥ ስለሚቀራው ፊቅህ ግን ሊነግረን አይችልም። የሙስሊሙን ሕይወት ከውስጥ ለማየት ሙስሊሙ ራሱ የጻፈውንና የሚያስታውሰውን መፈለግ ግድ ይላል።

ዑለማ፣ ነጋዴና ባላባት

በወሎ እስልምና እንዴት ሰፋ? የዶ/ር ሁሴን መልስ በሦስት ሰዎች ላይ ያርፋል፦ በዓሊሙ፣ በነጋዴውና በባላባቱ። ነጋዴው መንገዱን ከፈተ፤ ከጠረፍ ወደ ደጋው የሚወጣው የንግድ መስመር የሙስሊሞች እጅ ያለበት ነበር። ባላባቱ እስልምናን የሥልጣኑ መሠረት አደረገው፤ የወረ ሂመኖዎቹ የማመዶች ገዥዎች «ኢማም» የሚለውን ማዕረግ ይዘው ነበር። ሃይማኖቱን በሕዝቡ ልብ ውስጥ የተከለው ግን ዓሊሙ ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ከሚነሱት ዑለማ መካከል ሸይኽ ሙሐመድ ሻፊ ይገኙበታል። የቃዲሪያ ጦሪቃ ሰው ሲሆኑ በአልብኮ የጀማ ንጉሥ መሥራች ናቸው። በገታ ደግሞ ሐጅ ቡሽራ አይ ሙሐመድ አሉ፤ የሰማኒያ ጦሪቃን በማስፋፋት የሚታወቁትና በ1863 ያረፉት። ጀማ ንጉሥ፣ ገታ፣ በየጁ ያለው ዳና፣ ሾንኬ፤ እነዚህ ስሞች ለወሎ ሙስሊም የዚያራና የመውሊድ ቦታዎች ናቸው። ዶ/ር ሁሴን ግን ከዚያ አልፈው የትምህርት ማዕከል መሆናቸውን አሳዩ። ደረሳው ከሩቅ አገር ስንቁን ይዞ ይመጣል፣ ከአንዱ ሸይኽ ነሕው፣ ከሌላው ፊቅህ፣ ከሦስተኛው ተፍሲር ይቀራል፤ ኢጃዛውን ይዞ ወደ መንደሩ ሲመለስ እሱም በተራው ያስቀራል። ይህ መረብ ያለ መንግሥት በጀትና ያለ መንግሥት ትእዛዝ የቆመ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ድምዳሜ ትልቅ ነው። የወሎ እስልምና በጦር የተጫነ ወይም ከባሕር ማዶ ተጭኖ የመጣ አይደለም። የአገሩ ልጆች በአገሩ ቋንቋ ያስተማሩት ነው። ዑለማው የባላባቱ ጥላ ብቻም አልነበሩም። ባላባቱ ከሸሪዓው ሲወጣ፣ ሕዝቡም ከእስልምና ጋር የማይሄድ ልማድ ሲይዝ የሚናገሩ ነበሩ። በርዕሱ ላይ ያለው «ተሐድሶ» የሚለው ቃል ይህን የሚያመለክት ነው።

ቦሩ ሜዳና ሸይኽ ጦልሃ

በርዕሱ ያለው «አጸፋ» ደግሞ ወደ 1878 ይወስደናል። በዚያ ዓመት አጼ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠሩ። የወሎ ገዥዎች ክርስትናን እንዲቀበሉ ተደረገ፤ ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው ራስ ሆኑ፣ አባ ዋጠው ደግሞ ኃይለ ማርያም ተባሉ። ራስ ሚካኤል በኋላ በ1914 ንጉሥ ተብለው ዘውድ የጫኑት የልጅ ኢያሱ አባት ናቸው።

ይህን ታሪክ ሁላችንም በትምህርት ቤት ሰምተነዋል። ትረካው ግን ብዙ ጊዜ ገዥዎቹ ስማቸውን ሲቀይሩ ያበቃል። ሕዝቡ ምን አደረገ? ዑለማው የት ሄዱ? ዶ/ር ሁሴን የጀመሩት እዚህ ላይ ነው። ከዑለማው የተሰደደ አለ፣ ተደብቆ ማስቀራቱን የቀጠለ አለ፣ ጦር ያነሳም አለ። ከእነዚህ መካከል ስማቸው ጎልቶ የሚነሳው ሸይኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር (ከ1853 ገደማ እስከ 1936) ናቸው። ሸይኹ የአጼ ዮሐንስን አዋጅ በመቃወም ተነሱ፤ በኋላ በአጼ ምኒልክ ዘመን ዕርቅ ወረደ። ከዚያም በላይ በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ የአማርኛ ግጥሞችን፣ ማለትም ዐጀም መንዙማዎችን፣ ትተው አልፈዋል።

እዚህ ላይ የዶ/ር ሁሴን ዘዴ ጎልቶ ይታያል። ለብዙዎቻችን መንዙማ በመውሊድ ሌሊት የሚባል፣ ልብ የሚያለሰልስ ነገር ነው። ለታሪክ ጸሐፊው ግን ከዚያም በላይ ነው፤ በዘመኑ የነበረ ሰው ስለ ዘመኑ የተናገረበት ምስክርነት። ስለ ወሎ የተጻፈው ዜና መዋዕል ከቤተ መንግሥት ሲሆን፣ መንዙማው ከተገፋው ሰው ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያላነበበ ሰው የቦሩ ሜዳን ግማሽ ብቻ ያውቃል።

የኢስታንቡል መዝገብና የወሎ ኪታብ

የዶ/ር ሁሴንን አካሄድ ይበልጥ የሚያሳየን ከአንድ የቱርክ ታሪክ ጸሐፊ ጋር ስናስተያየው ነው። የኢስታንቡል ዩኒቨርሲቲው ጄንጊዝ ኦርሆንሉ የኦቶማንን መንግሥት ታሪክ የሚያጠኑ ምሁር ነበሩ፤ በ1976 አረፉ። ለእኛ የሚቀርበው ሥራቸው በ1974 በቱርክኛ የታተመው፣ ኦቶማኖች «የሐበሽ ኤያሌት» ብለው ስለሚጠሩት ግዛት የሚያወራው መጽሐፍ ነው። ይህ ግዛት በ1555 በኦዝደሚር ፓሻ የተቋቋመ ሲሆን ማዕከሎቹ በቀይ ባሕር ዳር ያሉት ሰዋኪንና ምጽዋ ነበሩ። ወደ ደጋው ለመዝለቅ ያደረገው ሙከራ በአጼ ሠርፀ ድንግል ዘመን ተገታ። ምጽዋ ግን በስም የኦቶማን ሆና ቆይታ በ1865 ለግብፁ ኸዲቭ ተላለፈች።

ኦርሆንሉ ይህን የጻፉት ከመንግሥት መዝገብ ነው። ከሱልጣኑ የወጣው ትእዛዝ፣ የሹመቱ ደብዳቤ፣ የደመወዙ ሒሳብ፤ ሁሉም በኢስታንቡል ተጠብቆ ቆይቷል። የሱልጣኑ ጸሐፊ አንድ ጊዜ የጻፈውን ታሪክ ጸሐፊው ከአራት መቶ ዓመት በኋላ አውጥቶ ያነበዋል።

ዶ/ር ሁሴን እንዲህ ያለ ቤተ መዛግብት አልነበራቸውም። የወሎ ዑለማ መንግሥት አልነበሩም፤ ደብዳቤያቸውን የሚያስቀምጥላቸው ጸሐፊም አልነበረም። የነበራቸው በአንድ ሸይኽ ቤት በቆዳ የተጠቀለለ ኪታብ፣ በኪታቡ ኅዳግ ላይ የተጻፈ ማስታወሻ፣ የሸይኹን ሕይወት የሚተርክ መናቂብ፣ የጦሪቃው ሲልሲላ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ወሬ ነው። እሳቸው እነዚህን ሰብስበው፣ ከዜና መዋዕሉና ከተጓዦች ጽሑፍ ጋር አመሳክረው ነው ታሪክ ያደረጉት። መናቂብ ከራማ ይበዛበታል፤ ወሬም ይለወጣል። ስለዚህ እያንዳንዱን ማመሳከር ያስፈልጋል። ይህ ከቤተ መዛግብት ሥራ የበለጠ ድካም አለው።

ይህ ንጽጽር አንድ የተለመደ ስህተትንም ያርማል። በአገራችን ወሬ እስልምና ብዙ ጊዜ ከቱርክ ጋር ይያያዛል። መነሻ የለውም አይባልም፤ በ1542 ከዋግ ብዙም በማይርቀው በወፍላ በተደረገው ጦርነት ከኢማም አህመድ ጎን በመቶዎች የሚቆጠሩ ነፍጥ የያዙ የኦቶማን ወታደሮች ተሰልፈው ነበር። የኦርሆንሉ መዛግብት የሚያሳዩን ግን የኦቶማን መንግሥት ኃይል በዋናነት በባሕሩ ዳርቻ እንደነበር ነው። የዶ/ር ሁሴን ኪታቦች ደግሞ በደጋው ያለው እስልምና የራሱ ሸይኽ፣ የራሱ ሐሪማና የራሱ ቋንቋ እንደነበረው ያሳያሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ያነበበ ሰው የወሎን ሙስሊም «የቱርክ ቅሬታ» አይለውም።

ስለ ራሳቸው ዘመን የጻፉት

ዶ/ር ሁሴን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብቻ የተወሰኑ አልነበሩም። ከ1973 እስከ 1993 ስለነበረው የእስልምና እንቅስቃሴ ጽፈዋል። በዚህ ዘመን ውስጥ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተደረገው የሙስሊሞች ታላቅ ሰልፍ፣ ከዚያም በ1967 ዓ.ም ኢድ አልፈጥር፣ ዐረፋና መውሊድ በመንግሥት ደረጃ በዓል ሆነው መታወቃቸው ይገኛል። ከደርግ መውደቅ በኋላ ከ1991 እስከ 1994 ስለተስፋፋው እስላማዊ ሥነ ጽሑፍም ለብቻው አጥንተዋል። በየመስጊዱ ደጃፍ በአማርኛ የሚሸጠውን መጽሐፍና መጽሔት ብዙ ሰው አንብቦ ሲጥለው፣ እሳቸው የታሪክ ምንጭ አድርገው መዘገቡት።

በ1999 ደግሞ በረመዳን በአዲስ አበባ አንዋር መስጊድ ዙሪያ ስለሚደረደሩት የሽያጭ ቦታዎች ጻፉ። ስለ ደሴ የመኖች ታሪክ ለማወቅ የደሴ ማዘጋጃ ቤትን ፋይሎች ፈትሸው በ2000 አሳትመዋል። ከእነዚህ ሁለት ሥራዎች የምንረዳው ለእሳቸው ምንጭ ትንሽና ትልቅ እንዳልነበረው ነው። የሱቅ ጠረጴዛም፣ የማዘጋጃ ቤት ፋይልም፣ የሸይኽ ኪታብም እኩል ይጠየቃሉ።

ስለ መቻቻል የተናገሩት

በ2006 ያሳተሙት ጽሑፍ በአንባቢ ዘንድ ብዙ ውይይት ያስነሳ ነው። ርዕሱ አብሮ መኖርን ወይም መጋጨትን፣ ምናልባትም ሁለቱንም፣ በጥያቄ ያቀርባል። የኢትዮጵያ ክርስቲያንና ሙስሊም ለዘመናት በፍቅር ኖሩ የሚለው ንግግር በጥቅሉ ሲነገር ደስ ይላል፤ ግን ቦሩ ሜዳን የት ያደርገዋል? በሌላ በኩል ሁሉንም ግጭት አድርጎ የሚያየው ሰው በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ሃይማኖት ያለበትን፣ በአንድ ዕድር የሚቀባበሩትን የወሎ ሰዎች የት ያደርጋቸዋል? ዶ/ር ሁሴን እውነቱ ከሁለቱም የተወሳሰበ መሆኑን ነው ያሳዩት። መቻቻል ያለበት ቦታ አለ፣ የለበት ጊዜም ነበር፤ ታሪክ ጸሐፊው የትኛው የት እንደነበረ ማስረዳት አለበት።

ይህ አቋም ለእኛ ለሙስሊም አንባቢዎችም ፈተና ነው። የራሳችንን ቁስል ብቻ ማንበብ ይቀለናል። የእሳቸው ሥራ የሌላውንም፣ የራሳችንን ባላባቶች ጥፋትም ጭምር እንድናይ ይጠይቃል። ከቤት የወጣ ሰው ስለቤቱ በሐቅ ሲጽፍ ከባዕድ የበለጠ ይታመናል፤ የዶ/ር ሁሴን ክብርም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ለዋግ የቀረው ሥራ

የዶ/ር ሁሴን መጽሐፍ የሚያተኩረው ዛሬ በአብዛኛው ደቡብ ወሎ በምንለው አካባቢ ላይ ነው። ዋግ በኋላ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር አውራጃ ብትሆንም በመጽሐፉ መሐል የለችም። ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት በሆነበት በሰቆጣና በአምደወርቅ በኩል ያለው ታሪክ ገና ጸሐፊውን ይጠብቃል። የተማሪዬ ጥያቄም በሙሉ አልተመለሰም ማለት ነው።

ጊዜው ደግሞ አይጠብቅም። ዶ/ር ሁሴን ጥናታቸውን በጨረሱበት በ1985 ወሎና ዋግ በ77ቱ ረሃብ እያለቁ ነበር። ከመንደሩ የወጣው ሽማግሌ ሁሉ አልተመለሰም። ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ የመጣው ጦርነትም ሰቆጣንና አካባቢውን አፈናቅሏል። ሰው ሲፈናቀል መጀመሪያ የሚያነሳው ልጁን ነው፤ ኪታቡ ከቤት ይቀራል።

ዛሬ በሚቻል አቅም የሚሠራ ሥራ አለ። በቤታችሁ ኪታብ ካለ አትሽጡት፤ ከእርጥበት ጠብቁት፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል በስልክ አንሱት። መጨረሻው ላይ የገልባጩ ስምና ዓመት ይገኛል፣ እሱን አትዝለሉት። በኅዳጉ የተጻፈው የልደት፣ የሞት ወይም የድርቅ ማስታወሻም ከዋናው ጽሑፍ ያላነሰ ዋጋ አለው። አረጋዊ ሲያወሩ ስትቀዱ፣ በአማርኛም ይሁን በኽምጣንጋ፣ ስማቸውን፣ መንደራቸውን፣ ወሬውን ከማን እንደሰሙና የተቀዳበትን ቀን ጨምሩ። ዶ/ር ሁሴን አንድን ወሬ ከሌላው ጋር ማመሳከር የቻሉት እንዲህ ያለው ዝርዝር ስለተያዘ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የዐረብኛ ፊደል ጽሑፎችን የሚይዝ ስብስብ አለው፤ ዝርዝሩም በ2014 ታትሟል። ባለቤቱ ዋናውን በቤቱ ይዞ ቅጂውን ለእንዲህ ያለ ቦታ ቢሰጥ የሚያጣው ነገር የለም።

ዛሬ ያ ተማሪ ቢያገኘኝና ደግሞ ቢጠይቀኝ፣ ስለ ወሎ በዶ/ር ሁሴን መጽሐፍ የምመልስለት አለኝ። ስለ ዋግ ግን መልሱ ያለው በራሱ አያት ቤት ነው፤ ሄዶ እንዲጠይቃቸው እነግረዋለሁ።

አላህ ለዶ/ር ሁሴን አህመድ ይዘንላቸው፤ ሥራቸውን የማይቋረጥ ሰደቃ ያድርግላቸው።